ማሲንቆውን ለልጁ ማን ነሣው?

በዓለም ከተማ ሰሞኑን የወላጆች ጨዋታ ሁሉ መድረሻው አንድ ሆኗል። ቡና ሲጠጣም ሆነ ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ነገሩ ዞሮ ዞሮ «የዛሬ ልጆች የሚሰሙት ዘፈን ምን የሚሉት ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ይመለሳል። አባት ማታ ከሥራው ገብቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የጥንቱን ትዝታ ሊያዳምጥ ይሻል። እናት በጓዳ ሆና የሰንበቱን መዝሙር ታንጎራጉራለች። ልጅየው ደግሞ ከስልኩ የወጣች ቀጭን ሽቦ በጆሮው ሰክቶ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ ለብቻው በሌላ አገር ይኖራል። እንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር ሦስት ዜማ አለ ማለት ነው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን አይሰማም።

ይህን አስተያየት የምንጽፍ እኛ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን ጨርሰን ዲግሪያችንን ከተቀበልን ብዙ ጊዜ አልሆነም። ይሁን እንጂ አንድ ሕፃን በጉልበታችን ላይ እየተቀመጠ ስልካችንን ከእጃችን መንጠቅ ስለ ጀመረ ከወላጆች ጉባኤ ተቆጥረናል። ወደ ኋላ ስንዞር የአባታችንን ወቀሳ፣ ወደ ፊት ስናይ ደግሞ የልጃችንን ምርጫ እናገኛለን። በመካከል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ዱላ ያርፍበታል ይባል እንጂ፣ ሁለቱንም ወገን ለመስማት የሚመቸው ሥፍራ እርሱ ነው።

መቼም የጨዋታ ጣዕም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሸጋገር መለወጡ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት ጥላሁን ገሠሠ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ በጥሩምባና በሳክስፎን ታጅቦ ሲዘፍን፣ በክራርና በበገና ያደጉ ሽማግሌዎች ሁሉ እልል ብለው አልተቀበሉትም። «ይህ የፈረንጅ ጩኸት ነው» ያሉ ነበሩ። ያው ድምፅ ግን ውሎ አድሮ የአገር ድምፅ ሆነና፣ ጥላሁን በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደረገለት። ዛሬ ልጁን «የእኛ ዘመን ዘፈን እኮ እንዲህ ነበር!» እያለ የሚገሥጸው አባት የሚጠቅሰው፣ የራሱ አባት ፊቱን ያጠቆረበትን ዘፈን መሆኑን ይዘነጋዋል። እንዲህ ከሆነ በልጆቻችን ላይ ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን መዝገብ ገልበጥ አድርገን ማየት ይገባናል።

የዓለም ከተማ ሰው ይህን ነገር የሚመረምርበት አንድ ምሳሌ ደግሞ በደጁ አለለት። ከሙከጡሪ ተገንጥሎ በለሚ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ፣ ዳግመኛ ሽቅብ ወጥቶ መርሐቤቴ የገባ መንገደኛ፣ በከተማችን የእናት ሆስፒታልን ያገኛል። ሆስፒታሉን የሠራው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 በመርሐቤቴ ሥራ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላም በጀርመን አገር በሙኒክ አጠገብ ያለችው ፋተርስቴተን ከዓለም ከተማ ጋር በእህትማማችነት ተሳሰረች። የድርጅቱን መሥራች ካርል ሄንዝ ቦምን ከእኛ መካከል የማያውቀው ጥቂት ነው። ስለ አባቱ ግን የሚያውቀው ከዚያ ያነሰ ነው።

አባትየው ካርል ቦም በኦስትሪያ በግራትስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1894 የተወለደ፣ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የኦፔራ ኦርኬስትራ መሪዎች አንዱ ነበር። ሚስቱም የኦፔራ ዘፋኝ ነበረች። ኦፔራ ማለት ታሪኩ በንግግር ፈንታ በዜማ የሚነገር ቴያትር ሲሆን፣ በኢጣልያ አገር በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1637 በቬኒስ ቲኬት ለገዛ ሁሉ የተከፈተ ቤት የተሠራለት ጥበብ ነው። እንግዲህ ልጅ ካርል ሄንዝ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲወለድ በአባቱም በእናቱም ወገን ኦፔራ ይጠብቀው ነበር። እርሱም ፒያኖ ተጫዋች ለመሆን አስቦ ቢፈተን መልካም መልስ አላገኘም። አባቱ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ እንዲያጠና ገፋፋው፤ ልጁ ግን ትምህርቱን ትቶ የተዋናይነት ትምህርት ጀመረ፤ ከዚያም ወደ ሲኒማ ሄደ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢያችን ልብ ይበልልን። በጦርነት የፈረሰው የቪየና ኦፔራ ቤት ታድሶ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1955 ሲከፈት፣ የቤቱ ዲሬክተርም የዚያች ሌሊት ኦርኬስትራ መሪም ካርል ቦም ነበር፤ የቀረበውም የቤትሆቨን «ፊዴሊዮ» ነው። በቀጣዩ ወር በዚያችው በቪየና «ሲሲ» የተባለው ፊልም ታየ፤ በፊልሙ ውስጥ ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ የሠራው ልጅየው ካርል ሄንዝ ነበር። ያ የቪየና ኦፔራ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1869 በዚሁ በፍራንዝ ዮሴፍ ዘመነ መንግሥት የተከፈተ ነው። አባት በቤቱ ውስጥ ኦርኬስትራውን ሲመራ፣ ልጅ ቤቱ የተከፈተበትን ንጉሥ መስሎ በሸራ ላይ ቆመ። ሁለቱም ነገር በእኛ አቆጣጠር የዋለው በ1948 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ፣ በዘውዱ 25ኛ ዓመት በዓል፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር በሩን ከፈተ።

የሲሲን ፊልም ለማየት በየከተማው የተሰለፈውን ሕዝብ አይቶ «ይህ ደግሞ ምን ጥበብ ነው?» ብሎ የናቀ የኦፔራ ወዳጅ በዚያን ጊዜ አልጠፋም። ነገር ግን የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ልጅየው በግንቦት 1973 ዓ.ም. በአንድ የጀርመን ቴሌቪዥን የጨዋታ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ፣ በአፍሪካ ለተራበው ሕዝብ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን ረታ፤ ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ የሚበልጥ ገንዘብ ተሰበሰበ። በነሐሴ ወር አባቱ በዛልትስቡርግ አረፈ። በኅዳር 1974 ዓ.ም. ልጅየው «ሰዎች ለሰዎች»ን መሠረተና ቀሪ ዘመኑን ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የክብር ዜግነት ተቀበለ፤ በግንቦት 2006 ዓ.ም. አረፈ። ሰው ለጨዋታ ያየው የነበረ የሲኒማ ፊት፣ ለጨዋታ በተዘጋጀ የቴሌቪዥን መድረክ ላይ ቆሞ ለመርሐቤቴ በሽተኛ አልጋ አስገኘለት ማለት ነው። ስለዚህ ወላጅ የልጁን ጨዋታ አይቶ «ይህ ከንቱ ነው፤ ከዚህ የሚወጣ ፍሬ የለም» ብሎ ለመፍረድ አይቸኩል እንላለን።

ኦፔራን ካነሣን ዘንድ ከእኛ ጋር ያለውን ሌላ ዝምድና ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በዓለም እጅግ ከታወቁት ኦፔራዎች አንዱ የሆነው የኢጣልያዊው የቬርዲ «አይዳ» ዋና ባለ ታሪክ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ናት። አይዳ በግብጽ ቤተ መንግሥት የተማረከች ገረድ ስትሆን፣ የአገሯን ጠላት ጦር አዛዥ ራዳሜስን ትወድዳለች። አባቷ የኢትዮጵያው ንጉሥ አሞናስሮ ሲማረክ፣ የጦሩን ምሥጢራዊ መንገድ ከወዳጇ እንድታወጣለት ያስጨንቃታል፤ ብታመነታም ልጄ አይደለሽም ብሎ ይክዳታል። በመጨረሻ አይዳ ከነሕይወቱ በተቀበረው ወዳጇ መቃብር ውስጥ ገብታ አብራው ትሞታለች። ልጁን «ከእኔና ከወደድሽው ምረጪ» ብሎ ያስገደደ አባት ልጁንም ድሉንም እንዴት እንደሚያጣ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ ጥቂት ነው።

ይህ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በካይሮ በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያሠራውም የግብጹ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ነው። በመድረኩ ላይ ኢትዮጵያውያን ተሸንፈው በሰንሰለት ታስረው ያልፋሉ። ኬዲቩ ግን ከአራት ዓመት በኋላ እውነተኛውን ጦር ቢልክ፣ በ1868 ዓ.ም. በጉንዳጉንዲት ቀጥሎም በጉራዕ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል አደረገው። በጦር ሜዳ ያሸነፍነው እኛ ስንሆን፣ በመድረክ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ታላላቅ ቴያትሮች ሁሉ እንሸነፋለን። ምክንያቱም ዘፈኑን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ታሪኩን ራሱ የማይዘፍን ሕዝብ፣ ሌላው እንደ ፈለገ ሲዘፍንለት ይኖራል።

«ታዲያ ኦፔራ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ነገሩ ከስሙ በቀር እንግዳ አይመስለንም። በለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን ሙያ በዜማ እየዘረዘረች ስታወርድና ሕዝቡ እየተቀበለ ደረቱን ሲመታ፣ ይህ ታሪክን በዜማ መንገር አይደለምን? በሠርግ ቀን የሙሽራው ወገንና የሙሽራይቱ ወገን በደጃፍ ላይ በዘፈን ሲወራረፉስ? ፎካሪው ጎራዴውን መዝዞ እየተንጎራደደ የአባቱን ጀግንነት ሲያወሳ፣ ደብተራው በጽናጽልና በመቋሚያ ሲያሸበሽብ፣ አዝማሪው በማሲንቆው የባለቤቱን ስም ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት ግጥም ሲደረድር፣ ያለ መጋረጃ የሚታይ ቴያትር ነው። የጎደለን ጥበቡ ሳይሆን ጥበቡን የሚያኖር ቤት፣ ባለ ጥበቡን የሚያኖር ደመወዝና ክብር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። የኤውሮፓ ኦፔራ ለአራት መቶ ዓመት የኖረው ሕዝቡ ሁሉ ስለሚወደው ብቻ አይደለም፤ በዚያም ወጣቱ ወደ ሌላ ዘፈን ይሄዳል፣ ሽማግሌውም ያማርራል። የኖረው ቤት ተሠርቶለት፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶለት፣ ከመንግሥትና ከከተማ ገንዘብ ተመድቦለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ልጄ የኦፔራ ዘፋኝ ሆነ» የሚል አባት ቀና ብሎ ስለሚሄድ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 የኢጣልያን የኦፔራ አዘፋፈን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በእኛ አገር ግን አዝማሪ የሚለው ስም ራሱ ስድብ ነው። ልጁ ማሲንቆ አይወድም ብሎ የሚያዝነው አባት፣ ያው ልጅ ከጣሳና ከፈረስ ጭራ የሠራትን ማሲንቆ ይዞ ደጅ ቢቀመጥ ምን ይለዋል?

ይህን ጥያቄ በከተማችን ለአንድ የተከበሩ አባት አቅርበንላቸው ነበር። እርሳቸውም የዛሬውን ዘፈን አጥብቀው ከሚነቅፉት አንዱ ናቸው። «ጋሼ፣ ልጅዎ አዝማሪ ልሁን ቢልዎትስ?» ብንላቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እሱንማ እግሩን እሰብረዋለሁ» አሉን። ወዲያው ግን ራሳቸው ሣቁ፤ ነገሩ ገብቷቸዋልና። እንግዲህ ልጁ ከስልኩ የሚሰማውን እንዳይሰማ ተከለከለ፤ የአገሩን እንዳይዝ ደግሞ እግሩ ይሰበራል። ታዲያ ምን ይስማ? ማሲንቆውን ለልጁ የነሣው ስልኩ ነው ወይስ እኛ?

ጠላት እንኳ የአዝማሪን ዋጋ ከእኛ አስበልጦ ያወቀበት ጊዜ ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ እርሱ እንዲጠፉ ካዘዘባቸው ሰዎች ውስጥ ጠንቋዮችና የዜማ ተረት ነጋሪዎች ነበሩበት። ምክንያቱም እነርሱ ከገበያ ገበያ እየዞሩ በዘፈናቸው የሕዝቡን ልብ ያነሣሡ ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበርም በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ሕዝቡን ለመጣው ጦርነት ለማዘጋጀት ከተገለገለባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ዘፈን ነው። ጦርነት ሲመጣ የምንጠራውን ሰው በሰላም ቀን «ያ አዝማሪ» እያልን መናቅ ከጨዋ ሕዝብ የሚጠበቅ አይደለም።

በእርግጥ የወላጆች ፍርሃት መሠረት የለውም አንልም። አባት ልጁን ከማሲንቆ የሚያስጥለው ጥበቡን ጠልቶ ሳይሆን እንጀራውን ፈርቶ ነው። ሌሊቱን በመጠጥ ቤት አምሽቶ፣ ግንባሩ ላይ በሚለጠፍ ብር የሚተዳደር ሰው ለነገ ስንቅ እንደማይኖረው ያውቃል። እንደዚሁም በስልክ የሚመጣው ሁሉ ለሕፃን የሚገባ አይደለም፤ በቲክ ቶክና በዩቲዩብ ላይ ስድቡም፣ ነውሩም፣ ጊዜ መግደያውም ተቀላቅሎ ይቀርባል። ልጁ እስኪያድግ ድረስ የሚያየውን መምረጥ የወላጅ ግዴታ ነው። ነገር ግን መምረጥ ማለት መንጠቅ ብቻ አይደለም። ልጅን ከአንድ ነገር ያራቀ ወላጅ ሌላ የሚያቀርብለት ነገር ሊኖረው ይገባል። ባዶ እጁን የሚቆጣ አባት ቁጣውን እንጂ ዜማውን አያወርስም።

ከዚህም ጋር ያ የሚነቀፈው ስልክ ራሱ ጎተራ መሆኑን አንርሳ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ የጥንቱንም የኦርኬስትራ ዘፈን ለልጆቻችን ዛሬ የሚያሰማቸው የሸክላው ማጫወቻ ሳይሆን ይኸው ስልክ ነው። ጎተራ ደግሞ የሚሰጠው የተከተተበትን ያህል ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ መንደሮች የሚዘፈነውን የሠርግ ዘፈን፣ የአጨዳና የውቂያ ዜማ፣ የእናቶችን እሹሩሩ የሚያውቁ አሮጊቶች እያለፉብን ነው። በአንዲት እናት ሞት አንድ ሙሉ መዝገብ ይዘጋል። የልጅ ልጅዋ ግን ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ በኪሱ ይዞ በአጠገቧ ተቀምጧል። «አያቴ፣ እስቲ አንድ ጊዜ በይልኝ» የሚለው ቃል ብቻ ነው የጎደለው።

አሮጌውንና አዲሱን አስታርቆ መሥራት እንደሚቻልም በአገራችን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የግብጽ ተወላጅ የሆነው የሙዚቃ ሊቅ ሃሊም ኤል ዳብ ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ በገናውንና ዋሽንቱን በአንድ መድረክ ላይ ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ከግብጽ የመጣ ጦር ድል ሆኖ ከተመለሰ ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከግብጽ የመጣ ሰው የእኛን መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው አስተዋወቃቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ማሲንቆን ከፒያኖ ጎን አድርጎ የሚያስተምር ነው። ስለዚህ «ማሲንቆ ተምሮ የት ይደርሳል?» ለሚል ወላጅ፣ እስከ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል ብለን ልንመልስለት እንችላለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምናቀርበው አሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ በየቤታችን በሳምንት አንድ ምሽት፣ ቡናው ሲፈላ፣ የዜማ ተራ ይኑር፤ አባት የወደደውን አንድ ዘፈን አሰምቶ ለምን እንደ ወደደው ለልጁ ይንገር፤ ቀጥሎም ልጁ የእርሱን ያሰማ፣ አባትም ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይስማ። ሁለተኛ፣ በዓለም ከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች በዓመት ጥቂት ቀን አዝማሪውንና አልቃሿን ጠርተው፣ እንደ ማንኛውም መምህር አበላቸውን ከፍለው፣ ለተማሪዎች እንዲያስተምሩ ያድርጉ። ሦስተኛ፣ አዝማሪ የሚለውን ስም በስድብነት ከአፋችን እናውጣ፤ ቃሉ ከዘመረ የመጣ ነውና አሳፋሪነት የለውም። አራተኛ፣ ወጣቶች በስልካቸው የአያቶቻቸውን ድምፅ ይቅረጹ፤ የተቀረጸበትን ቀንና መንደር፣ የባለ ድምፅዋንም ፈቃድ ጨምረው ያኑሩ።

ለወጣት ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለን። የአባትህን ዘፈን «የድሮ» ብለህ ከመዝጋትህ በፊት ቃሉን አድምጥ። ሰምና ወርቁን ለይቶ ለማውጣት ጆሮ መልመድ አለበት፤ የለመደ ጆሮ ያለው ሰው ደግሞ የራሱን ዘመን ዘፈን ክፉና ደግ ይለያል። አንተም ነገ አባት ትሆናለህ፤ ልጅህም ዛሬ የምትወደውን ዘፈን የሚያናንቅበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ቀን እንዲሰማህ የምትፈልገውን ያህል ዛሬ አባትህን ስማ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን እኛ የወደድነውን ሁሉ ይውደዱ ማለት የማይሆን ምኞት ነው። ካርል ቦም ልጁን የኦፔራ ሰው አላደረገውም፤ ሆኖም ያ ልጅ ከአባቱ ጥበብ ወጥቶ በራሱ መንገድ ሲሄድ እስከ ጀማ ማዶ ደረሰ። የእኛ ልጆች የት እንደሚደርሱ ዛሬ አናውቅም። ከቤት ሲወጡ ግን የአገራቸው ዜማ በጆሯቸው ገብቶ እንዲሆን ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው። ልጁ ማሲንቆ ሲጠይቅ ዱላውን የምናነሣ ከሆነ ግን፣ ሃያ ዓመት ቆይተን «ማሲንቆ የት ሄደ?» ብለን የምንጠይቀው ሰው አይኖርም።